ብርሃን ሻጩ

ባሌ ላያል ትሬዞና፣ ሰባ አንድ ያለፈው፣
ከሚስቱ ፊት ይልቅ ቆጣሪ የሚያየው፣
ጠዋት ቁርስ ሳይቀምስ፣ ገና በፒጃማ፣
ከጋራዡ ግድግዳ ተገትሮ እንደ ሻማ፣
«ትናንት አሥራ አንድ ኪሎዋት ሸጥን» ይለኛል፣
በግ ነድቶ ገበያ ደርሶ የመጣ ይመስላል።

ስድስት ነበር የፀሐይ ሰሌዳው፣ በሰሜኑ ክዳን፣
እኛ አገር በሰሜን ዞራ ነው ፀሐይ የምታየን።
ውላችን የድሮ ነው፤ ዋጋው እንደ ማር፣
አንዲት ሰሌዳ ቢጨመር ግን ወዲያው የሚሻር።
«እንዳትነኩት!» አለ። አሥራ ሁለት ዓመት
ማንም አልነካውም፤ አቧራው እንኳ ያረፈበት
በጫፍ እግሩ ነው፣ ላያልን ፈርቶት።

ለምን እንደሆነ አውቃለሁ።
ከኮርንዎል በመርከብ የመጣው የአያቱ አባት
እዚሁ ሙንታ፣ ከእግራችን ሥር፣ በጉድጓዱ ጽልመት፣
መዳብ ሲፈለፍል ኖረ፤ ከባርኔጣው ላይ
በጭቃ የተለጠፈች አንዲት ሻማ ነበረችው፤ ያቺ ናት የሱ ፀሐይ።
የሻማዋን ዋጋ ኩባንያው ከደሞዙ ይቆርጥ ነበር፤
በምድር ሆድ ውስጥ ለሚያይበት ብርሃን የሚከፍል ሰው ነበር።
ዛሬ የልጅ ልጁ ልጅ ለኩባንያ ብርሃን ሲሸጥ
ትርፍ ፍለጋ እንዳይመስላችሁ፤
ብድር መመለስ ነው።

ግን ብርሃን ሻጭ ቤት ቀን ቀን ይጨልማል፦
አየር ማቀዝቀዣው ዝም፣ ልብስ ማጠቢያው ያንቀላፋል፣
«ሜርል፣ እስኪመሽ ታገሺ፤ አሁን እኮ ገበያ ነው!»
ገበያው ከጣሪያ በላይ፣ እቶኑ ከጣሪያ በታች ነው።
አርባ አራት ዲግሪ። መሳቢያ ውስጥ ያሉት ሻማዎች
ጎብጠው ተቃቅፈው አገኘኋቸው፣ እንደ አሮጊቶች።
እርጥብ ፎጣ አንገቴ ላይ አስሬ
«ስንት ሸጥን?» እለዋለሁ፣ ከሚሸጠው ተደምሬ።

ጥር ላይ፣ አንድ ማክሰኞ፣
የማስታውሰው የወጥ ቤቱን ወለል ቅዝቃዜ ብቻ ነው፣ ጉንጬ ላይ።
ያገኘኝ ጎረቤታችን ኮስማስ ነው፤ ሎሚ ሊያቀብለኝ መጥቶ።
ላያል ጋራዡ ጋ ነበር።
ቁጥር ያነብ ነበር።

ከሆስፒታል ስመለስ ስለዚያ ምንም አላለኝም፤ እኔም አልጠየቅኩትም።
ሐሙስ ግን በመስኮት ሰማሁት፣ ስልክ ይዞ፦
«አዎ፣ አውቃለሁ። ዋጋው እንደሚቀር አውቃለሁ። አፍርሱት።»

ብሮንዊን የምትባል ልጅ መጣች፤ ጥፍሯ ሥር ግሪስ፣ አፏ ውስጥ ብሎን፤
«ምዕራቡ ክዳን ይሻላል» አለች፣ «ቤቱ የሚግለው ሲመሽ ከሆነ።»
አሥር አዲስ ሰሌዳ፣ አዲስ ኢንቨርተር፤
አሮጌው ጉሮሮው ጠባብ ነው፣ ይህን ሁሉ አይውጥም።
ከድሮዎቹ ሰሌዳዎች ሥር የርግብ ጎጆ አገኘች፣ ሁለት እንቁላል፤
ሽቦውን አንድ ክንድ አዙራ ዘረጋችው።
ላያል ከተቆረጠው ሽቦ ቁራጭ አንስቶ መዳቡን በጣቱ ዳሰሰ።
«ከየት ተቆፍሮ ይሆን?» አለ።
ማንም አልመለሰለትም።

ወዲያው ከመስመር ድርጅቱ ደብዳቤ፦
መንገዳችሁ ሞልቷል፤ እኩለ ቀን ላይ ሁሉም ሻጭ ነው፤
ከዚህ ልክ በላይ አንቀበልም።
ፈራሁለት። ያን ያህል ትውልድ የጠበቀ ሻጭ፣ ገዢ ሲያጣ!
ሁለቴ አነበበው፣ አራት አጠፈው፣
ከሚንገዳገደው ፍሪጅ እግር ሥር ሸጎጠው።

ይኸው እኩለ ቀን ሆነ። ማቀዝቀዣው ያንጎራጉራል፣
ማጠቢያው ይሽከረከራል፣ የገላ ውሃው ይፈላል፣
የኮስማስ ውሻ ወለሉ ላይ፣ እኔ በወደቅኩባት ሥፍራ፣
ሆዱን ለጥፎ ተኝቷል፣ በሕልሙ ከጥንቸል ጋር እያወራ።
ላያል ግን ልማድ አይለቅም፤ ባርኔጣውን ደፍቶ
ወጣ፣ ቆጣሪውን አየ፣ ተመለሰ በሩን ከፍቶ።
«ስንት?» አልኩት።
«ዜሮ።»
ባርኔጣውን አውልቆ ከውሻው አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠ፣
ጉልበቱ እየጮኸ፤
«ዜሮ፣ ሜርል» አለኝ ደግሞ፣
አዲስ ለተወለደ ልጅ ስም እንደሚያወጣ ሰው።